የሰሜኑ ጫፍ ዛፎች

«ቆይ ቆይ፣ ዙም አድርጊው እስቲ» አለ ናሆም ወንበሩን እየጎተተ። «ዛፉ ሥር ያለው ጫማ ነው አይደል? ኧረ ብዙ ጫማ ነው! ፒክኒክ ላይ ናቸው እንዴ?»

ኡሙሃኒ የስልኳን ስክሪን በሁለት ጣቶቿ ለጠጥ አደረገችው። ፎቶውን የላከችላት የአክስቷ ልጅ ቱባ ናት። ጠዋት ሲደርሳት፣ ቁርሷን እንኳ ሳትቀምስ አውቶቡስ እንዳያመልጣት እየሮጠች ስለነበር፣ ዛፎቹን ብቻ ነበር ያየችው። ደስ የሚሉ ዛፎች ናቸው። ከጭቃው ውስጥ ቀጫጭን ሥሮች እንደ እርሳስ ቀጥ ቀጥ ብለው ወጥተዋል፤ ቅጠሎቹ ላይ ደግሞ ዛፉ ራሱ ያላበው ጨው ነጭ ሆኖ ደርቋል። አሁን ግን ጥላው ውስጥ ያለውን አየች። አፋቸው በጨርቅ የታሰረ ቢጫ ጄሪካኖች። የተከመረ ጫማ። ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነው የተቀመጡ ሰዎች።

«ሠራተኞች ይሆናሉ» አለች። «ቱባ ችግኝ ጣቢያ ነው የምትሠራው አላልኩህም? ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ማንግሮቭ እያፈሉ ይተክላሉ።»

«ችግኙ የታለ ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ! ፎቶው ውስጥ አልገባም ይሆናል።»

የሳይንስ አስተማሪያቸው ሚስ ላርሰን ለየቡድኑ የሰጠችው ሥራ በካርታ የሚሠራ ነበር። ኡሙሃኒና ናሆም የጅቡቲን የባሕር ዳርቻ የመረጡት በቱባ ምክንያት ነው፤ ዘመድ ያለበት አገር ይሻላል ብለው። ከላይ በሳተላይት የተነሣው የማንግሮቭ ደን በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሏል። አንዳንዱ ማዕዘን አረንጓዴ ነጥብ በዝቶበታል፤ ብዙ ዓይነት ወፍ፣ ሸርጣንና ዓሣ ይኖርበታል ማለት ነው። ሌላው ሰማያዊ ነጥብ በዝቶበታል፤ እዚያ ያሉት ዛፎች ለሰው ብዙ ይሠራሉ ማለት ነው። ማዕበሉን ያበርዳሉ፣ ዓሣ አጥማጁ ነገ የሚያጠምደውን ዓሣ ዛሬ በሥሮቻቸው መካከል ያሳድጋሉ። እያንዳንዱ ቡድን ሊጠብቀው የሚችለው የካርታውን ሲሶ ብቻ ነው። የቀረው ይቆረጣል፣ ወይ በግመል ይበላል፣ ወይ ወደብ ይሠራበታል።

ናሆም መጀመሪያ አረንጓዴውን ብቻ እየለቀመ ሞልቶት ነበር። ሚስ ላርሰን መጥታ አየችና «ወፎቹ ተርፈዋል፤ መንደሩን ግን ማዕበል ወሰደው» አለችው። እሱም ተናዶ ሰማያዊውን ብቻ መረጠ። ያን ጊዜ ደግሞ ወፎቹ አለቁ። ሁለቱን ከመጀመሪያው አንድ ላይ አስበው ሲያቅዱ ግን በዚያችው ሲሶ ወፎቹም መንደሩም አብዛኛው ተረፈላቸው። በዚህ ነገር ኡሙሃኒ ሁለት ቀን ሙሉ ደስ ብሏት ነበር። እቤት እራት ላይ እንኳ ስለሱ ነው የምታወራው።

ሚስ ላርሰን አሁን ከኋላቸው ቆማ ስልኩን አየች። «ይሄ ከዚያው ዳርቻ ነው? ማን ላከልሽ?»

«የአክስቴ ልጅ። እዚያ ትሠራለች።»

«ድንቅ ነው!» አለች ሚስ ላርሰን፤ ዓይኗ በራ። «ግን ይሄ ከመንደሩ አጠገብ ሊሆን አይችልም። ካርታሽን እዪው። መንደሩ ጋ ያረጁት ዛፎች ከተቆረጡ ቆይተዋል፤ ችግኝ ጣቢያውም ያለው እዚያ ነው፣ ችግኙ ገና ከጉልበት አይበልጥም። እንዲህ ዓይነት ቁመታም ዛፍ የቀረው እዚህ ብቻ ነው።» ጣቷን የካርታው ሰሜን ጫፍ ላይ አሳረፈች። «መንገድ የለ፣ ቤት የለ፣ የውሃ ጉድጓድ የለ። ዘመድሽ እንዴት ደረሰች እዚያ?»

«በጀልባ ይሆናላ» አለ ናሆም እንደ ቀልድ።

ኡሙሃኒ ስልኩን አጠፋችው።

ጀልባ የሚለውን ቃል የወሎ ልጅ እንዲሁ ዝም ብሎ አይሰማውም። ኡሙሃኒ ሚኒሶታ ብትወለድም፣ ከኮምቦልቻ ስልክ ሲደወል አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራባቸውን ቃላት ታውቃቸዋለች። ኦቦክ፣ ጀልባው የሚነሣበት የጅቡቲ ዳርቻ። ደላላ። የመን። ሳዑዲ። የእገሌ ልጅ ሄደ፤ የእገሌ ልጅ አልደወለችም። ከዚያም «ኢንሻአላህ ትደውላለች»፤ ከዚያም ዝም።

«አንድ ሁለት ፎቶ ብትጨምርልን» አለች ሚስ ላርሰን፣ ወደ ሌላው ቡድን እየሄደች። «አጉልተን እናሳትመዋለን። ትጠይቂያታለሽ?»

«እሺ» አለች ኡሙሃኒ።

ናሆም ፊቷን አይቶ «ምን ሆንሽ? ሲሪየስሊ፣ ምን አልኩሽ?» አለ።

«ምንም።»

ምንም አልነበረም ወይ! የጨነቃት ቱባ የት እንዳለች ማወቋ ብቻ አይደለም። ከሁለት ወር በፊት፣ አንድ ዓርብ፣ አክስቷ ዘሃራ በስልክ ጠይቃታለች። «ኡሙዬ፣ ቱባ ጅቡቲ ሥራ አገኘሁ ትለኛለች። ዛፍ ተከላ ነው ትላለች። ባሕር ውስጥ ዛፍ ይተከላል እንዴ? አንቺ ኮምፒውተር ታውቂያለሽ፣ እይልኝ እስቲ የኔ እናት። እውነት ነው?» ኡሙሃኒም ካርታ ከፈተች። ችግኝ ጣቢያው አለ፤ ከመንደሩ አጠገብ። ደስ ብሏት «አዎ አክስቴ፣ እውነት ነው፣ አየሁት!» አለች። አክስቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤት ሁሉ ሲጠይቃት «አሜሪካ ያለችው የወንድሜ ልጅ በኮምፒውተር አይታዋለች» ነው መልሷ። ቱባን አሳፍራ የላከችውም በዚሁ ቃል ነው።

ጣቢያው መኖሩን እንጂ ቱባ እዚያ መኖሯን ግን ኡሙሃኒ አላየችም። ልዩነቱ ያን ቀን አልታያትም። ልጅ ናትና ማን ይፈርድባታል? እሷ ግን በራሷ ላይ ፈረደች።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጃኬቷን እንኳ ሳትቆልፍ ነው የሄደችው። ሚያዝያ ነው ተብሎ ይታመናል እንዴ የዚህ አገር ብርድ? መኪና ማቆሚያው ጥግ የጠቆረ የበረዶ ክምር ገና አልቀለጠም። ሌክ ስትሪት ባቡር ጣቢያ ቆማ ጻፈች፦ «ቱባ፣ ሰሜን ጫፍ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ጣቢያው እዚያ አይደለም። አውቄያለሁ።»

ባቡሩ ሳይመጣ የድምፅ መልእክት ገባላት። ጆሮዋ ላይ አስጠጋችው። ነፋስ ይሰማል፣ ከነፋሱ ሥር የቱባ ድምፅ፣ እየተንሾካሾከች።

«ኡሙ፣ ወላሂ ልዋሽሽ ፈልጌ አይደለም። ጣቢያው ሄጄ ነበር፤ ሰው ሞልቷል አሉኝ። ምን ይዤ ልመለስ? እዚህ ከኛ አገር የመጡ ብዙ ልጆች አሉ። ነፋሱ ከረጋ ነገ ማታ ነው የምንሻገረው። ፎቶውን የላክሁልሽ ለትምህርትሽ ብለሽ ስለለመንሽኝ ነው፤ ዛፎቹ እውነትም ያምራሉ፣ ከፀሐይ ያስጠለሉን እነሱ ናቸው። በአላህ ይዤሻለሁ ኡሙ፣ ለእማ እንዳትነግሪያት። ድምጿን ከሰማሁ እግሬ አይራመድም። እመለሳለሁ። ለዚያ ነው የምለምንሽ። በቃ ባትሪዬ…»

ኡሙሃኒ ወዲያው ደወለች። ዝግ ነው። ጻፈች። አንዲት ግራጫ ምልክት ብቻ ታየች፤ ተላከ እንጂ አልደረሰም። ባቡሩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሁለተኛው ሲመጣ ነው የገባችው።

የወረደችው ፎርት ስኔሊንግ ነው። አባቷ አብዱልሰመድ ከአየር ማረፊያው ተሳፋሪ እስኪደርሰው ድረስ ሾፌሮች ተሰልፈው የሚጠብቁበት ቦታ አለ፤ ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ታገኘውና አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ። እናቷ ሻኮፒ መጋዘን የማታ ሺፍት ስለሆነች፣ በዚያ ሰዓት ቤት ማንም የለም።

ከአባቷ ጋር መኪና ተደግፎ የቆመው ጓደኛው ዱጋሳ ገና ከሩቅ አያት። «ሳይንቲስቷ መጣች! ዛሬስ ስንት ዛፍ አዳንሽ?»

«ተዋት፣ ስለ ዛፍ ካስጀመርካት ተሳፋሪ ያመልጠናል» አለ አባቷ እየሳቀ። ወዲያው ሳቁን አቆመ። «ኡሙ? ምነው ጃኬትሽን? ምን ሆነሻል?»

ስልኩን ሰጠችው። አባቷ የቱባን ድምፅ አንዴ ሰማው። ደግሞ ሰማው። ከዚያ ለዱጋሳ አቀበለውና ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ዱጋሳ ቀልዱን ሁሉ ረሳው። ጅቡቲ ከተማ የሚኖር የሚስቱ ወንድም አለ። እዚያ እኩለ ሌሊት ቢሆንም ደውሎ ቀሰቀሰው፤ በኦሮምኛ ረጅም አወሩ። ሲጨርስ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ቀስ ብሎ ከተተ። «እዚያ ድረስ መኪና አይገባም አለኝ፣ አብዱ። ከከተማም ሩቅ ነው። ፖሊስ እንጥራ ብትል ደግሞ፣ ፖሊስ ሲያዩ የሚሮጡት ወደ ባሕሩ ነው። ጀልባው ባይደርስም ይገቡበታል። አንተም ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለ አባቷ።

«እና ምን እናድርግ?» አለች ኡሙሃኒ። ሁለቱን ሰዎች ተራ በተራ አየቻቸው። ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ መኪና አላቸው፣ ስልክ አላቸው፣ ስንት ነገር አልፈው ነው እዚህ የደረሱት። አባቷ ግን የመኪናውን በር ብቻ ከፈተላት።

መኪና ውስጥ ሲገቡ አባቷ ሞተሩን አስነሥቶ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። «ለዘሃራ አንነግራትም» አለ።

«አባ…»

«ስሚኝ። ደም ግፊቷን ታውቂያለሽ። ምን ማድረግ ትችላለች? እዚያ ቁጭ ብላ በሐሳብ መሞት ነው። ቱባ ኢንሻአላህ ተሻግራ ከደወለች፣ ያኔ ይነገራታል። ካልሆነም…» አልጨረሰውም። «ካልሆነም በሰው በሰው ነው የሚነገራት፤ በስልክ አይደለም። ወጉ እንዲያ ነው።»

«ቱባ ድምጿን ከሰማሁ እመለሳለሁ ብላለች እኮ።»

«ስልኳ ዝግ ነው፣ ኡሙ! ዝግ ነው! በምን ትሰማታለች?»

እውነቱን ነው። አባቷ ጮኾባት አያውቅም ነበር፤ ወዲያው «ይቅርታ የኔ ልጅ» ብሎ ማሞቂያውን ወደ እሷ አዞረላት። ቤት ደርሰው መኮሮኒ አሞቀላት፤ ሁለት ጉርሻ እንኳ አልበላችም። ካርታውን ከፍታ ሰሜኑን ጫፍ ስታይ ቆየች። ከላይ ሲታይ ጥቁር አረንጓዴ ጭረት ነው። ስንት ዓይነት ሸርጣን እንዳለበት ታውቃለች፣ ስንት ዓይነት ወፍ እንደሚያርፍበት ታውቃለች፤ ዛሬ ማን ሥሩ እንደተቀመጠ ግን ካርታው አይናገርም። ምልክቷ አሁንም አንድ ናት፣ ግራጫ።

ዓርብ ጠዋት አባቷ ነው ትምህርት ቤት የሚያደርሳት። እነ አክስቷ ከጁምዓ ሶላት ተመልሰው የሚደውሉትም በዚሁ ሰዓት ነው፤ እዚያ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። የዚህን የዓርብ ስልክ ወግ ኡሙሃኒ በቃሏ ታውቀዋለች። ደህና ናችሁ? አልሐምዱሊላህ። ልጆቹስ? አልሐምዱሊላህ። ሥራ? አልሐምዱሊላህ። የታመመ ቢኖርም ደህና ነው፣ የተጣላ ቢኖርም ደህና ነው። ክፉ ነገር በዓርብ ስልክ ገብቶ አያውቅም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ስልኩ ጠራ። አባቷ መኪናውን ጥግ አስያዘና የመኪናውን ድምፅ ማጉያ ከፈተው።

«አብዱ! ደህና ነህ ወይ ወንድሜ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እትዬ። እናንተስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ኡሙዬስ? አለች?»

«አለሁ አክስቴ።»

«እሰይ የኔ እናት! ትምህርቱስ? በርቺ እሺ? በርቺልኝ።» አክስቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቱባ ሦስት ቀኗ፣ ስልክ አላነሣ ብላኛለች። ኔትወርክ ነው አይደል? ባሕር አጠገብ ኔትወርክ ይጠፋል አሉኝ።»

አባቷ በመስተዋቱ ውስጥ ኡሙሃኒን አያት። ራሱን በጣም ትንሽ፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «ኔትወርክ ነው፣ እትዬ። አታስቢ።»

«አንቺስ ኡሙዬ? አንቺ ነሽ ቦታውን የምታውቂው። ደህና ናት አይደል?»

ውጭ ልጆች እየተጋፉ ይገባሉ። ናሆም ከደረጃው ላይ አይቷት እጁን አውለበለበ፤ ቶሎ ነይ ማለቱ ነው፣ ዛሬ ዕቅዱን ለክፍሉ የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው። ኡሙሃኒ «ደህና ናት» ብትል በቃ ያበቃል። አንድ ቃል ነው። አባቷም ይቀልለዋል፣ አክስቷም ዛሬ ትተኛለች። ነገሩ ደግሞ ተናገረችም አልተናገረችም፣ ስልኩ ዝግ ነው፣ ባሕሩም ባሕር ነው።

ቀበቶዋን ፈታች። አባቷ ልትወርድ መስሎት የበሩን ቁልፍ ከፈተላት። እሷ ግን በሁለቱ ወንበሮች መካከል ወደ ፊት ተጠግታ፣ ድምጿ በደንብ እንዲሰማ አጎነበሰች።

«አክስቴ፣ ቱባ ትናንት ድምጿን ልካልኛለች፣ በሕይወት አለች፤ መጀመሪያ ይሄን ስሚኝ» አለች። «ግን ችግኝ ጣቢያው ውስጥ አይደለችም። እኔ እዚያ ናት ያልኩሽ ሳላውቅ ነው። ጣቢያውን እንጂ እሷን አላየሁም ነበር። አሁን ያለችው ጀልባ የሚጠበቅበት ጋ ነው። ማታ ሊሻገሩ ነው።»

«ኡሙ!» አለ አባቷ።

ከኮምቦልቻ መንገድ የባጃጅ ጥሩምባ ብቻ መጣ፣ አለፈ። አባቷ ሁለት እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። ኡሙሃኒ አክስቷ የወደቀች መሰላት፤ «አክስቴ? አክስቴ?» አለች።

«አለሁ» አለች አክስቷ። የራሷ ድምፅ አይመስልም። «ውሃ አለ እዚያ?»

«ጉድጓድ የለም። በጄሪካን ይዘዋል፣ በፎቶ አይቻለሁ። ዛሬ ይኑራቸው አይኑራቸው ግን አላውቅም። አላውቅም አክስቴ።»

«ጥላስ?»

«ጥላ አለ። ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው።»

«እሺ።» ትንፋሿ ይሰማል። «እሺ የኔ ልጅ። ታዲያ አሁን ብደውልላትስ?»

«ስልኳ ዝግ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሞከርሁ። ግን የእማን ድምፅ ከሰማሁ እመለሳለሁ ብላለች። ድምፅሽን ላኪላት። ከመሄዳቸው በፊት ትንሽ ከከፈተችው ይደርሳታል።»

«ካልከፈተችስ?»

የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ፤ ደረጃው ላይ ናሆም ብቻ ቀረ፣ ከዚያ እሱም ገባ። አባቷ ስለ ክፍሏ ሊነግራት አፉን ከፈተና ተወው። እጁን ሰደደና ሞተሩን አጠፋ።

«እኔ ድምፅ ልኬ አላውቅም» አለች አክስቷ። «ሁሌ ልጆቹ ናቸው የሚያደርጉልኝ። ዛሬ ደግሞ ማንም የለ ቤት። ንገሪኝ እስቲ፣ ቀስ ብለሽ።»

«ስልኩን ስንዘጋ የቱባን ስም ክፈቺ» አለች ኡሙሃኒ። «ከታች በስተቀኝ ትንሽ የማይክ ሥዕል አለች። እሷን ተጭነሽ ያዢ። እጅሽ ቢንቀጠቀጥም ያዢው፣ አክስቴ፣ ተናግረሽ እስክትጨርሺ እንዳትለቂው።»